በትንንሽ ፕሮግራሞች ግብዓትን በአጭሩ ስለ ማንበብ

«በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሦስት ቁጥሮች ለመቀበል ኢንፑትን (ከተጠቃሚው አንድ መስመር የሚቀበለውን ትዕዛዝ) ሦስት ጊዜ እየጻፍኩ እያንዳንዱን ወደ ቁጥር እለውጣለሁ፤ የሚያጥር መንገድ የለም?» ብለው ለጠየቁት፦

አለ። ቁጥሮቹ በአንድ መስመር የሚጻፉ ከሆነ መስመሩን በኢንፑት ይቀበሉ፣ በስፕሊት ይከፋፍሉት፣ ከዚያም ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠውን ኢንትን በማፕ አማካይነት በየቁራጩ ላይ ያሠሩት። ከእኩል ምልክቱ በስተግራ ሦስቱን ተለዋዋጮች በኮማ ለይተው ይደርድሩ፤ ሁሉም በአንድ መስመር ያልቃል። የስፕሊት ቅንፍ ባዶ ይሁን። ውስጡ ክፍት ቦታ ካስገቡበት ተጠቃሚው ስፔስን ደጋግሞ በተጫነ ቁጥር ባዶ ቁራጭ ይፈጠርና ኢንት ስህተት ያስነሳል።

አንዳንዶች ለማሳጠር ሲሉ ኢንፑትን በኢቫል ውስጥ መክተትን ይመክራሉ። እባክዎ አያድርጉት! ኢቫል የገባለትን ጽሑፍ እንደ ኮድ ያስኬዳል፤ ቁጥር ሲጠብቅ የነበረ ፕሮግራም ፋይል የሚያጠፋ ትዕዛዝ ሊፈጽም ይችላል። በፓይተን 2 ኢንፑት ራሱ የሚሠራው እንዲህ ነበር፤ በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ይህን አስቀርቶታል።

እኔ ከማሳጠሬ በፊት ሁልጊዜ የማጣራው ግብዓቱ ከሰው ይምጣ ወይስ ከፋይል የሚለውን ነው። ኪቦርድ ላይ ለተቀመጠ ሰው ኢንፑት ይስማማል። ስንት መስመር እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ ግን መስመሮቹ ሲያልቁ ስህተት ያስነሳል፤ መስመሩ መቶ ሺህ ሲደርስም ዝግታው ይታወቃል። ያን ጊዜ በሲስ ሞጁል (ከፓይተን ጋር በሚመጣ የተዘጋጀ ኮድ) ውስጥ በሚገኘው መደበኛ ግብዓት (ከኪቦርድ ወይም ከተላከለት ፋይል የሚመጣው) ላይ መስመሮቹን በየተራ የሚያነሳ አንድ የፎር ሉፕ ይበቃል። ሉፑ በየመስመሩ ጫፍ ያለውን የአዲስ መስመር ምልክት እንደ ኢንፑት አያነሳልዎትም፤ ቃላትን የሚያወዳድሩ ከሆነ በስትሪፕ ያስወግዱት።

ከሁሉ የምወደው ፋይልኢንፑት የተባለውን ሞጁል ነው። በትዕዛዝ መስመሩ ላይ የፋይል ስሞች ከተሰጡት በተራ ያነባቸዋል፤ ካልተሰጡት ወደ መደበኛው ግብዓት ይዞራል። ፕሮግራሙ ሳይነካ ለሁለቱም ያገለግላል። ፐርል የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህንኑ በሁለት ባለማዕዘን ቅንፎች (<>) ብቻ ይፈጽማል፤ አጭርነቱ ያስደንቃል። ሆኖም ከፐርል 5.22 ጀምሮ የመጡትን ድርብ ቅንፎች (<<>>) ይምረጡ፤ ነጠላዎቹ በፓይፕ ምልክት (|) የሚያልቅ የፋይል ስም ሲያገኙ ስሙን እንደ ትዕዛዝ ያስኬዱታል። በሩቢ ቋንቋ ደግሞ መስመር የሚያነበው ጌትስ በትዕዛዝ መስመሩ ላይ የተሰጠ ቃል ካለ ኪቦርዱን ትቶ በዚያ ስም ፋይል ይፈልጋል።

«ቁጥር ያስገቡ» የሚለውን መልእክት በኢንፑት ቅንፍ ውስጥ የሚጽፉ ከሆነ፣ ውጤቱ ወደ ፋይል ሲላክ መልእክቱም አብሮ እንደሚገባ ይወቁ፤ ለብቻው ወደ ስህተት መውጫው (ከውጤቱ ተለይቶ የስህተት መልእክቶች ወደሚወጡበት) ቢልኩት ፋይሉ ንጹሕ ይሆናል።