«ስምሽን ቀይሪ» ለተባለች የሐዋሳ ተማሪ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የአካውንቲንግ ተመራቂ ተማሪ ነሽ። ከሁለት ጓደኞችሽ ጋር ግጥምና ዜማ እየደረሳችሁ፣ በስልክ እየቀረጻችሁ፣ በቴሌግራም ለሚያውቋችሁ ጥቂት ሰዎች ታጋራላችሁ። አንደኛዋ ጓደኛሽ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ትሰፋለች፤ አብልጠሽ የምትወጂው ዘፈናችሁም ከእሷ ሕይወት የተቀዳ ነው፤ ከሥራ ወጥተው በአንዲት የኪራይ ክፍል ለአራት ስለሚያድሩ ልጆች። አሁን አንድ የስቱዲዮ ባለቤት ድምፅሽን ሰምቶ «ብቻሽን ነይ፤ ስምሽን እንቀይረዋለን፣ ልብስሽን እኛ እንመርጣለን፤ ስለ ፋብሪካ ማን ይሰማል?» ብሎሻል። የምትፈርሚበትንም ወረቀት ፎቶ አንስተሽ ልከሽልኛል። እህል ነጋዴው አባትሽ ደግሞ «አዝማሪ እንድትሆኚ አይደለም ያስተማርኩሽ» ብለውሻል። ልፈርም ወይስ ሁሉንም ትቼ የባንክ ሥራ ልፈልግ ነው ጥያቄሽ።

ወረቀቱ አሁን ባለበት መልኩ ከሆነ አትፈርሚ። ሙዚቃውን ግን አትተዪው፤ ሥራም ፈልጊ። ይህን የምልሽ አንቺንና አባትሽን ለማስታረቅ ብዬ አይደለም። ደመወዙ ለሙዚቃሽ ለራሱ ያስፈልገዋል፤ እመለስበታለሁ።

የወረቀቱ ሦስተኛ አንቀጽ የመድረክ ስምሽ፣ በዚያ ስም የሚከፈቱ ገጾችና የሚቀረጹ ድምፆች በሙሉ የስቱዲዮው ንብረት ይሆናሉ ይላል። የጊዜ ገደብ አልተቀመጠለትም። ሰውየው ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ገንዘብ ያወጣል፣ ኪሳራም ይፈራል። ነገር ግን ነገ ብትለያዩ ስሙም አድማጩም ድምፅሽም እሱ ዘንድ ይቀራሉ፤ አንቺ እንደገና ከሀ ትጀምሪያለሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ልጅ ቢሮዬ መጥታ ነበር፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ወደ ራሷ የዩቲዩብ ቻናል ለመግባት ትሞክራለች። «የማረጋገጫ ኮድ ልከናል» ይላል። ኮዱ የተላከበት ስልክ ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አኃዞች ብቻ ይታያሉ፤ የእሷ ቁጥር አልነበረም። ቻናሉ የተከፈተበትን ኢሜይል ያወጣላት ሰው ቁጥር ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተኳርፈዋል። ፎቶው የእሷ፣ ድምፁ የእሷ፣ ግጥሙ የእሷ ሆኖ ሳለ ከሥሩ በተሳሳተ ፊደል የተጻፈውን ስሟን እንኳ ማረም አልቻለችም። ሦስት ጊዜ ሞክራ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችው። ያንን ስልክ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ አንቺም እንደዚያ እንድትቀመጪ አልፈልግም።

ሕጉ ብዙም አያሳፍርሽም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 የተሻሻለው፣ ወጥ የሆነን፣ ማለትም ከሌላ ያልተቀዳን ሥራ፣ በአንድ ነገር ላይ ከሰፈረ ወይም ከተቀረጸ ጀምሮ ያለ ምዝገባ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በስልክሽ የቀረጽሽውን አትናቂው፤ ቀኑ የተመዘገበበት ማስረጃሽ ነው። የግጥምና የዜማው መብት ለደራሲው ዕድሜ ልክና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይቆያል። ዘፋኟም በአዋጁ ቋንቋ «ከዋኝ» ናት፤ የራሷ መብት አላት። ያ ዘፈን የሦስታችሁ ከሆነ ደግሞ አንቺ ብቻሽን ልትፈርሚበት አይገባም፤ ጓደኞችሽ ሳያውቁ ብትፈርሚ ሰውየው አንቺ ላይ ሊያደርግ ያሰበውን አንቺ እነሱ ላይ አደረግሽው ማለት ነው።

ለሰውየው እንዲህ በይው፦ መብቱን አልሸጥልህም፣ ፈቃድ እሰጥሃለሁ። ፈቃዱ ለተጠቀሱት ዘፈኖች ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ ለሁለት ዓመት፣ ገቢው በስንት በመቶ እንደሚከፈል ተጽፎ ይሁን። የማያልቅ ጊዜ፣ የማይቆጠር ሥራ አይኖርም። ቀረጻው ሲያልቅም የተጠናቀቀውን ዘፈን ብቻ ሳይሆን ድምፅሽንና መሣሪያዎቹን ለየብቻ የያዙትን ፋይሎች በዌቭ (WAV)፣ ማለትም የድምፁን ጥራት በማይቀንሰው ቅርጸት፣ በፍላሽ ተቀበዪ። አቀናባሪ ሊጠፋ፣ ስቱዲዮ ሊዘጋ፣ ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።

«ስለ ፋብሪካ ማን ይሰማል?» ያለው ያናድደኛል፤ አልደብቅሽም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስንት ሺህ ሴት ልጅ ወደዚህ ከተማ መጥታለች! አብዛኛው ሠራተኛ ሴት ነው፤ ስልክ አላቸው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ ነው። ሰውየው የሚዘፈንላቸው ሰዎች መሆናቸው አልታየውም። የሚሰሙሽ እነሱ ናቸው። ክሊፑንም ፍቅር ሐይቅ ዳር በተዋሰሽው ቀሚስ ከመሥራት ጓደኛሽ በምታድርበት ግቢ ውስጥ ቀርጹት፤ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ በሩ ላይ የተደረደረው አራት ጥንድ ጫማ ይታይ። አጭር ቀሚስ ነውር ነው እያልኩሽ አይደለም። አንቺ መርጠሽ ከለበስሽው ያንቺ ነው።

ይህ ትግል በአንቺ አልተጀመረም። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ኦሎምፒያ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ እንደ ቢኪኒ ኪል ያሉ ሴቶች የሚመሯቸው ባንዶች በየምድር ቤቱ ይጫወቱ ነበር፤ «ራዮት ገርል» ተባሉ። ጋዜጦች ስለ ሙዚቃቸው ትተው ስለ አለባበሳቸው መጻፍ ሲያበዙ በ1992 ከእነሱ መካከል ብዙዎቹ ለትልልቆቹ ጋዜጦች ቃል አንሰጥም አሉ። ስለ ራሳቸው በራሳቸው እጅ እየጻፉ፣ በፎቶ ኮፒ እያባዙ አሰራጩ። ያንቺ ፎቶ ኮፒ የቴሌግራም ቻናልሽ ነው። እኛም ዘንድ አስናቀች ወርቁ ነበረች፤ ከመጀመሪያዎቹ ሴት የመድረክ ተዋንያን አንዷ፣ ክራሯን ራሷ እየመታች ግጥሟን ራሷ የምትደረድር። አዝማሪ የሚለው ቃል እንደ ስድብ በሚወረወርበት ዘመን አንገቷን ሳትደፋ ኖራለች።

አባትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ወረቀቱን ይዘሽላቸው ሂጂ። «ይፍቀዱልኝ» ብለሽ አትጀምሪ፤ «አባዬ፣ ይህን ውል አንብብልኝ» በይ። ዕድሜ ልኩን እህል ሲገዛና ሲሸጥ የኖረ ሰው ዋጋና ጊዜ ያልተጻፈበት ወረቀት ሲያይ ምን እንደሚል እኔም አንቺም እናውቃለን። ዘፈኑን ላይወዱት ይችላሉ፤ ልጃቸው ስትታለል ግን ዝም አይሉም። ለጊዜው ስማቸው እንዲነሳ ካልፈለጉ ሕጉ በብዕር ስም ሥራሽን እንድታወጪ ይፈቅድልሻል። ስሙን ግን ራስሽ አውጪው።

አሁን ወደ ሥራው። ኪራይሽን የሚከፍል ደመወዝ ካለሽ ደስ የማይልሽን ውል እምቢ ማለት ትችያለሽ፤ ከሌለሽ የመጣውን ሁሉ ትፈርሚያለሽ። እኔ ያየኋቸው ጎበዝ ልጆች የተሸነፉት በድምፅ አይደለም፣ በወር መጨረሻ ነው። አካውንቲንግ መማርሽም አልባከነም፤ ለስቱዲዮ የከፈላችሁትን፣ ከመድረክ ያገኛችሁትን፣ የሦስታችሁን ድርሻ ከዛሬ ጀምሮ በአንድ ደብተር መዝግቢ። ሆቴል ወይም ላውንጅ ለመዝፈን ስትጠሩ ቀብድ ተቀበሉ፤ የማታ መመለሻ ባጃጅ በማን ወጪ እንደሆነ ከመድረኩ በፊት ተነጋገሩ፤ አንዳችሁም ብቻችሁን አትሂዱ።

ለሰውየው መልስ ለመስጠት አትቸኩዪ፤ ወረቀቱን አርመን እንልክለታለን። ካልተቀበለው አልተቀበለውም፣ ከተማው ውስጥ ሌላም ስቱዲዮ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሮዬ ነኝ፤ ሦስታችሁም ኑ። ስልኮቻችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ፤ ኢሜይሉን በራሳችሁ ቁጥር ከፍተን፣ የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈን፣ እያንዳንዳችሁ አንድ አንድ ቅጂ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ።