ሐዋሳ «ክፍለ ሀገር» ናት እንዴ?

ጥያቄ፦ ተወልጄ ያደግሁት አዲስ አበባ ነው። ከሐዋሳ የመጣ የሥራ ባልደረባዬን «ለበዓል ክፍለ ሀገር ትሄዳለህ?» ብዬ ብጠይቀው ፊቱን አጠቆረብኝ። ቃሉ ስድብ አለበት? ከየትስ መጣ?

መልስ፦ ቃሉ በራሱ ምንም ነውር የለበትም። በግእዝ አገባብ «የሀገር ክፍል» ማለት ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን «ጠቅላይ ግዛት» ይባል የነበረውን ደርግ «ክፍለ ሀገር» አለው። ያኔ ሐዋሳ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። በ1980 ዓ.ም. ራስ ገዝና አስተዳደር አካባቢ የሚባሉት መጡ፤ ኋላም ክልል ተተካ። ቃሉ ከመንግሥት ወረቀት ወጣ፣ ከአዲስ አበቤ አፍ ግን አልወጣም።

አፍ ላይ ሲቀር ታዲያ ትርጉሙ ተንሸራተተ። ድሮ «ከየትኛው ክፍለ ሀገር ነህ?» ይባል ነበር፤ መልሱም ባሌ፣ ጎጃም፣ ወለጋ ነው። ዛሬ አንዱ «ክፍለ ሀገር ነኝ» ብሎ ስልክ ቢያነሳ «የትኛው?» የሚለው ስንቱ ነው? መቀሌም፣ ጅማም፣ መኪና የማይደርስበት መንደርም አንድ ላይ ተጠቅልለዋል። አዲስ አበባ ካልሆነ በቃ፣ ክፍለ ሀገር ነው። ባልደረባዎን ያስከፋው ይሄ ይመስለኛል። ትልቅ ከተማውን ስም አሳጡት።

«ባላገር» የደረሰበት ደግሞ ይብሳል። ባለቤት፣ ባለሱቅ እንደምንለው ነው፤ ባለ አገር፣ አገር ያለው ሰው። ከተሜው ግን ታክሲ ሲጠብቅ የገፋውን ሰው «ባላገር!» ይለዋል። አገር አለህ ብሎ መሳደብ! «አራዳ» በተቃራኒው ዕድለኛ ነው። የአዲስ አበባ ሰፈርና የገበያ ስም ነበር፤ ዛሬ ንቁ፣ ብልጥ ሰው ማለት ሆኗል።

ከነዚህ ሁሉ የኔ ምርጫ «ሀገር ቤት» ነው። ንቀት የለበትም፣ ናፍቆት ግን አለበት። ደግሞ እንደ ተናጋሪው ይለጠጣል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ወላጆቹ ያሉበት ገጠር ነው። ዋሽንግተን ላለው ግን ቦሌም ራሷ ሀገር ቤት ናት።

ባልደረባዎን ግን «ሐዋሳ ትሄዳለህ?» ቢሉት ይበቃ ነበር።