«ስኳሯን አትጻፍ» ያለህን ኤጀንት አትስማው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን የደብረ ብርሃን ልጅ ነው። እናቱ ደብረ ሲና ይኖራሉ፤ በፓስፖርታቸው 73 ዓመታቸው ነው። ስኳርና ደም ብዛት አለባቸው፣ ደብረ ብርሃን እየመጡ ይታከማሉ። ፍራንክፈርት ያለችው እህቱ ለሦስት ወር ልትወስዳቸው አስባለች። የጉዞ ኢንሹራንስ ሊገዛ ሲሄድ ታዲያ ኤጀንቱ «በሽታ አለ ብለህ አትሙላ፣ ዋጋው ይጨምርብሃል፣ ደግሞ ማን ያየዋል?» አለው። «ልስማው? ካልሰማሁትስ የትኛውን ልግዛ?» ይላል።

ወንድሜ፣ አትስማው።

«ማን ያየዋል» ላለው መልሱ ቀላል ነው፤ ሐኪሙ ያየዋል። እግዜር አያምጣውና እናትህ እዚያ ድንገት ቢታመሙ፣ ድንገተኛ ክፍል ገብተው መጀመሪያ የሚጠየቁት «ከዚህ በፊት ምን በሽታ አለብዎት? ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ነው። እህትህ ደግሞ አትዋሽም፣ መዋሸትም የለባትም፤ የእናቷ ሕይወት ነው። «ስኳር አላት፣ ብዙ ዓመቷ ነው፣ ሜትፎርሚን ትወስዳለች» ትላለች። ይሄ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። ኢንሹራንሱ ከመክፈሉ በፊት የሚያስመጣው ያንኑ መዝገብ ነው። ከዚያ በኋላ የሞላኸውን ቅጽ አውጥቶ ጎን ለጎን ያስቀምጠዋል።

ወደ ሕጉ ልምጣ። በ2013 አዲስ የንግድ ሕግ ወጥቷል፣ ስለ ኢንሹራንስ የሚናገረው ክፍል ግን አሁንም የ1952ቱ ነው። ቁጥር 667 ውል ስትገባ የምታውቀውንና ኢንሹራንሱ የሚገባበትን አደጋ ለመመዘን የሚረዳውን ነገር ሁሉ በትክክል ተናገር ይላል። ቁጥር 668 ደግሞ አውቀህ ከደበቅህ ወይም ሐሰት ከተናገርህ ውሉ ዋጋ የለውም ይላል። የከፈልከው አረቦንም (የኢንሹራንሱ ዋጋ) አይመለስልህም። ሳታውቅ ወይም ተዘንግቶህ ከሆነ ውሉ ባንድ ጊዜ አይፈርስም፣ ክፍያው ግን ሊቀነስ ይችላል። አንተ «ረሳሁት» ማለት አትችልም። ለኔ ጽፈህልኛላ!

ኤጀንቱ «እኔ ነኝ የሞላሁት» ቢልም አያድንህም፤ ቅጹ ላይ ያለው የእናትህ ፊርማ ነው። ስለዚህ ከመፈረማቸው በፊት ቁጭ ብለህ እያንዳንዱን ጥያቄ በአማርኛ አንብብላቸው። ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፣ ቅጹ እንግሊዝኛ ነው፣ እማማ «የት ጋ ልፈርም?» ይላሉ፣ በቃ አለቀ። ደግሞ ኤጀንቱ በቃሉ «አይዞህ፣ ሁሉንም ይሸፍናል» ቢልህ ወሬ ነው። የኢንሹራንስ ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1725 ይናገራል፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ክርክር ላይ አይቆምልህም።

አሁን ምርጫው። ለሼንገን ቪዛ (ጀርመንን ጨምሮ የብዙ አውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ ነው) የሚጠየቀው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ነው፤ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ፣ የቆይታውን ጊዜ በሙሉ የሚይዝ፣ ድንገተኛ ሕክምናን፣ ታሞ ወደ አገር መመለስንና ሞትን የሚጨምር። ይህ ቪዛ ለማግኘት ይበቃል። ለእናትህ ግን ላይበቃ ይችላል፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ ርካሽ ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) ቀድሞ የነበረ በሽታን በጭራሽ አይሸፍኑም። አንዳንዱማ «ከቀድሞ በሽታ ጋር በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የተያያዘ» ብሎ ይጽፋል። ልብ በል፣ ደም ብዛት ያለበት ሰው ስትሮክ ቢመታው በተዘዋዋሪ አልተያያዘም ብሎ የሚከራከርልህ ማን ነው? እናትህ ጉንፋን ቢይዛቸው ይከፈላል፣ በእርግጥ የሚያሰጋቸው ነገር ሲመጣ ግን 30,000 ዩሮው ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ይህን ጥያቄ በኢሜይል ላክላቸው፦ «73 ዓመታቸው ነው፣ ስኳርና ደም ብዛት አለባቸው፣ እነዚህን መድኃኒቶች ይወስዳሉ። በሽታው ድንገት ቢብስ ወይም ስትሮክ ወይም የልብ ሕመም ቢያመጣ ትከፍላላችሁ? እስከ ስንት?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበል። «እንከፍላለን» ካሉ ለቀድሞ በሽታ የተለየ ጣሪያ መኖሩን እይ፤ አጠቃላይ ሽፋኑ ትልቅ ሆኖ ለዚህ የተመደበው ትንሽ ሊሆን ይችላል። ከኪስ የሚከፈለውን የመጀመሪያ ድርሻም ጠይቅ። «በሽታው የተረጋጋ ከሆነ» የሚል ቃል ካለ ደግሞ የተረጋጋ ማለት ለስንት ወር እንደሆነ ይንገሩህ፤ መድኃኒት መቀየር ወይም መጠኑን መጨመር ብቻውን መረጋጋቱን ሊያፈርሰው ይችላል። ይህን ፈርታችሁ ግን ቀጠሮ እንዳትዘሉ! ፖሊሲው ከተገዛ በኋላ መድኃኒት ከተቀየረ በጽሑፍ አሳውቁ፣ አለቀ። መደበኛ ክትትልና የመድኃኒት መሙላት በማንኛውም የጉዞ ኢንሹራንስ ይከፈላል ብለህ አትጠብቅ። ሐኪማቸው የሦስት ወሩን መድኃኒት እንዲያዝላቸው፣ የበሽታውንና የመድኃኒቱን ስም በእንግሊዝኛ ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግበት ጠይቅ። ሁለቱም በእጅ ሻንጣ ይሂዱ።

እህትህ ከዚያው ከጀርመን ለእንግዶች የሚሸጠውን ኢንሹራንስ ልትገዛ ትችላለች። መጥፎ አይደለም። እዚያ ሕጉ ትንሽ ይለያል፤ የማሳወቅ ግዴታው ኩባንያው በጽሑፍ በጠየቀው ላይ ነው። ታዲያ አንዳንዱ ስለ ጤና ምንም አይጠይቅም፣ ሰውም «ካልጠየቁ ተሸፍኗል» ብሎ ደስ ይለዋል። አይደለም። ሳይጠይቁ የሸጡት፣ ብዙውን ጊዜ የቀድሞ በሽታን ውሉ ውስጥ አስቀድመው ከሽፋኑ ስላወጡት ነው። ያንኑ ጥያቄ ለእነሱም ትላክ።

እህትህ ይህን ጉዳይ ከሁላችሁም በላይ ልትከታተለው ይገባል። ለግብዣው የጀርመን የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳ ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚባለውን «ለእንግዳዬ ወጪ እኔ ኃላፊ ነኝ» የሚል ወረቀት ፈርማ ከሆነ (ስሙ ራሱ ትንፋሽ ያሳጥራል)፣ በአገሪቱ የመኖሪያ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት ለእናቷ ኑሮ ከመንግሥት የወጣ ገንዘብ ካለ፣ የሕክምናውም ጭምር፣ ከእሷ ይጠየቃል። ኢንሹራንሱ «ዋሽታችኋል» ብሎ እጁን ካወጣ ዕዳው አየር ላይ አይቀርም። ኤጀንቱ ያተርፍልሃል ያለው ጥቂት ብር የእህትህን ደመወዝ ሊነካ ይችላል ማለት ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ደግሞ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን የልደት ቀን ብቻ ተጠቀም። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓመት እንዳለ ገልብጠው እናቲቱን ሰባት ስምንት ዓመት የሚያስረጁ አሉ። ከ65 ወይም ከ70 በኋላ ብዙ ኩባንያዎች አረቦን ይጨምራሉ፣ አንዳንዶቹ ከ80 በላይ ጭራሽ አይሸጡም፣ ስለዚህ ስህተቱ ገንዘብ ያስወጣል። የስም ፊደላቱም ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ይሁኑ።

እግረ መንገዴን፣ ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ደብተራቸውን ይዘው መሄዳቸው ለጀርመን ምንም አይፈይድም። ብዙ ሰው ይጠይቀኛል፣ አገር ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው።

ነገር ከመጣ ደግሞ እህትህ 112 ትደውል፣ ወዲያው ቀጥላ የኢንሹራንሱን የእርዳታ ቁጥር። ብዙ ፖሊሲዎች ሆስፒታል ከመተኛት በፊት ወይም በተቻለ ፍጥነት እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ። እዚህ ለገዛኸው ደግሞ ሕጋችን ቁጥር 670 ላይ አደጋው እንደታወቀ፣ ቢዘገይ በ5 ቀን ውስጥ አሳውቁ ይላል። ደረሰኝና የሐኪም ወረቀት ሁሉ ይቀመጥ። ኩባንያው አልከፍልም ቢል ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁት። የክሱ ጊዜ 2 ዓመት ነው፣ ቁጥር 674፤ «እያየነው ነው» እያሉ ጊዜውን እንዳያስበሉባችሁ።

ለኤጀንቱ እስካሁን ካልፈረማችሁ አዲስ ቅጽ ጠይቀው። ፈርማችሁ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ «ቅጹ ላይ ስኳርና ደም ብዛት ሳይጠቀስ ቀርቷል፣ ይታረም» የሚል ደብዳቤ በሁለት ቅጂ ጽፈህ ለኩባንያው ስጥ፣ አንዱ ላይ የመቀበያ ማኅተምና ቀን አስደርገህ ያዝ። ዋጋ ይጨምሩ ይሆናል፣ አንሸጥም ሊሉም ይችላሉ። እንቢ ካሉ ሌላ ኩባንያ ለመፈለግ ከጉዞው በፊት ጊዜ አለህ።