ለድንጋይ ከሰሉ ስብሰባ አባትሽ ምን ይዘው ይሂዱ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ባጭሩ እንዲህ ነው ያልሽው፦ ቤተሰቦችሽ ጭልጋ ናቸው። በሰፈራቸው ለድንጋይ ከሰል መሬት የጠየቀ ድርጅት አለ። አባትሽ ለሕዝብ ውይይት ተጠርተዋል። ምን ብለው ይጠይቁ? ጣናስ ይበከላል ወይ? ከላይ የመለሱልሽ ግማሾቹ «አይፈርሙ» ብለዋል፤ ግማሾቹ ደግሞ «ልማት ነው፣ ምን ያከራክራል» ብለዋል። አባትሽ በዚህ ስብሰባ ላይ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ ግን ማንም አልነገረሽም።

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ባሕር ዳር ተቀምጬ ለአማካሪ ድርጅቶች የውኃ ናሙና ስሰበስብ ዓመታት አልፈዋል። የመስኖ፣ የመንገድ፣ የካባ፣ የማዕድን ጥናት ላይ ሠርቻለሁ። ስለዚህ የማውቀው ውኃውንና ስብሰባውን ነው። ከውኃው ልጀምር።

መጀመሪያ የሚጠየቀው፣ ከጉድጓዱ የሚወጣው ውኃ ወዴት ይወርዳል የሚለው ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ጭልጋ ለጣና ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ውኃ ጣና የሚገባ ይመስለናል። እንደዚያ አይደለም። የጓንግ ወንዝ የሚነሣው ከዚያው አካባቢ ነው፤ ጀርባውን ለጣና ሰጥቶ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ድንበር ሲሻገር አትባራ ይባላል፤ ሱዳን ውስጥ ዓባይን ይቀላቀላል። ወደ ደምቢያ ሜዳ የሚወርደው ውኃ ግን ጣና ይገባል። በሁለቱ መሀል ያለው ሸንተረር ነው ሁሉን የሚወስነው። የተጠየቀው መሬት ከሸንተረሩ በየትኛው በኩል እንዳለ አባትሽ ካርታ ሳያዩ ያውቁታል። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ ወዴት እንደሚሄድ ሲያዩ ኖረዋላ።

በጓንግ በኩል ከሆነ «ጣና ሊጠፋ ነው» ብለው ቢነሡ፣ የድርጅቱ ባለሙያ በአንድ ካርታ ዝም ያሰኛቸዋል። ከዚያ በኋላ የሚናገሩት እውነት ሁሉ ሰሚ ያጣል። ይሄ ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ። በዚያ በኩል ከሆነ ስለ ጓንግ፣ ስለ ምንጩ፣ ስለ ከብቱ መጠጫ ይናገሩ። በደምቢያ በኩል ከሆነ ደግሞ ስለ ጣና ለመናገር ሙሉ መብት አላቸው። ያኔ ጉዳዩም ይከብዳል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ደለል ሲገባበት ቶሎ ያሳያል። እምቦጩ ከ2004 ጀምሮ ያደረገውን እኛ ባሕር ዳር ያለን ሰዎች በየዓመቱ እናየዋለን። ሐይቁ በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኖ ተመዝግቧል። ይሄም ድርጅቱ በሚያቀርበው የአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ሪፖርት ውስጥ መጠቀስ አለበት።

አሁን ወደ ከሰሉ። የድንጋይ ከሰልና በዙሪያው ያለው ድንጋይ ብዙ ጊዜ ፓይራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን ይይዛል። መሬት ውስጥ እንደተቀበረ ምንም አያደርግም። ተቆፍሮ አየርና ውኃ ሲያገኘው ግን ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ ደግሞ ከድንጋዩ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ አሉሚኒየም እያሟሟ ይዞ ይወርዳል። የወንዙ ድንጋይ ዝገት የተቀባ ይመስላል። ዓሣም ሆነ የዓሣ ምግብ እዚያ ውስጥ አይቆይም። ጣጣው ማዕድን ማውጣቱ ካበቃ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሊቀጥል መቻሉ ነው።

ሁሉም ከሰል ግን እንዲህ አያደርግም። የድኙ መጠን ይለያያል፤ የአካባቢው ድንጋይ አሲዱን የሚያከሽፍበትም ጊዜ አለ። ስለዚህ ጥያቄው «ይበክላል ወይ?» ከሆነ መልሱ «አይበክልም፣ ጥንቃቄ ይደረጋል» ይሆንና ስብሰባው ይቀጥላል። አባትሽ እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ የከሰሉና ተቆፍሮ የሚጣለው ድንጋይ የድኝ መጠን ስንት ነው? አሲድ ያመነጭ እንደሆነ በላቦራቶሪ ተመርምሯል? ውጤቱ ሪፖርቱ ውስጥ የትኛው ገጽ ላይ ነው? የገጽ ቁጥር ሲጠየቅ ባለሙያው ወይ ያሳያል ወይ ይንተባተባል።

ቀጥሎ ስለ መነሻ መረጃው ይጠይቁ፤ በሥራው ቋንቋ ቤዝላይን የሚባለው ነው። ማለትም ቁፋሮ ሳይጀመር ውኃው ምን ይመስል ነበር? እኔን ብትጠይቂኝ የጠቅላላ ግምገማው ነፍስ እዚህ ላይ ናት። ከአምስት ዓመት በኋላ ምንጩ ቢበላሽ፣ «ድሮም እንዲህ ነበር» የሚል ክርክር ይመጣል። ያኔ መልስ የሚሆነው ዛሬ የተወሰደ ናሙና ብቻ ነው። ናሙናው በበጋም በክረምትም መወሰድ አለበት። በጥር የጠራ ወንዝ በሐምሌ ጭቃ ነው፤ የአንዱ ወቅት ቁጥር ሌላውን አይናገርም። የሥራው ልማድ ግን ምን መሰለሽ? ቡድኑ በአንድ ጉዞ፣ መኪና በሚደርስበት ድልድይ ሥር ሁለት ሦስት ጠርሙስ ሞልቶ ይመለሳል። ሴቶቹ ውኃ የሚቀዱበት ምንጭ በእግር ስለሚያስኬድ ይቀራል። ፒኤች (የአሲድነት ልኩ)፣ ሰልፌት፣ ብረት፣ ማንጋኒዝና ደለል ካልተለኩ ለከሰል የሚሆን መነሻ መረጃ አለ ማለት አይቻልም።

በነገራችን ላይ ሪፖርቶች ከሌላ ቦታ ይገለበጣሉ። አንድ ጊዜ እጄ የገባ ሰነድ ላይ በእኛ አካባቢ ኖሮ የማያውቅ አውሬና የሌላ ክልል ወንዝ ስም ተጽፎ አግኝቻለሁ። አዘጋጁ የቦታውን ስም ብቻ ቀይሮት ነው። አባትሽና ጎረቤቶቻቸው የወንዞቹን፣ የቀበሌዎቹን፣ የዛፎቹን ስም ብቻ ቢያነብቡ እንዲህ ያለውን ለመያዝ ዲግሪ አያስፈልጋቸውም። ይሄን የምለው በደንብ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ለማስቀየም አይደለም፤ አሉ፣ አውቃቸዋለሁም።

የውኃ መጠንም አይረሳ። ጉድጓዱ ከከርሰ ምድር ውኃው በታች ከወረደ ውኃውን በፓምፕ ማውጣት ግድ ነው። በዙሪያው ያለ ምንጭና የእጅ ጉድጓድ ሊደርቅ ይችላል። «ቁፋሮው ስንት ሜትር ይወርዳል? የእኛ ጉድጓድ ስንት ሜትር ነው? ቢደርቅ ውኃ የሚያመጣልን ማነው፣ በስንት ቀን?» ይህ መልስ በቃል ከተሰጠ ዋጋ የለውም። በፈቃዱ ላይ እንደ ቅድመ ሁኔታ ይጻፍልን ማለት ይችላሉ። ሪፖርቱን የሚገመግመው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቅድመ ሁኔታ የማጽደቅ ሥልጣን አለው።

ወደ ስብሰባው ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው።

ስትገቢ የስም መመዝገቢያ ወረቀት ይዞራል። ስም፣ ቀበሌ፣ ፊርማ። ሰው የሚፈርመው ለአበል ወይም ለመገኘቱ መስሎት ነው። ያ ወረቀት ግን ሪፖርቱ ጀርባ ይታሠርና «ኅብረተሰቡ ተወያይቶ ተስማምቷል» ለሚለው ዓረፍተ ነገር ማስረጃ ይሆናል። መፍትሔው ፊርማ መከልከል አይመስለኝም። ያልፈረመ ሰው እዚያ እንዳልነበረ ነው የሚቆጠረው። ይልቅ ከስማቸው አጠገብ «ለመገኘቴ ብቻ» ብለው ይጻፉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቃለ ጉባዔው ጮክ ተብሎ ሳይነበብ አይነሡ። «ጥያቄዬ አልተጻፈም፣ ይጻፍልኝ» ማለት ነውር የለውም። ቃለ ጉባዔውን ስልክ ያለው ልጅ ፎቶ ያንሣው።

ከስብሰባው በፊት ሦስት አራት አባወራዎች ቁጭ ብለው ጥያቄ ይከፋፈሉ። አንዱ ስለ ምንጩ፣ አንዱ ስለ አቧራውና ስለ መኪና መንገዱ፣ አንዱ ስለ ቤተ ክርስቲያኑና ስለ መቃብሩ። ሴቶችም ይናገሩ፤ ውኃ የሚቀዱት እነሱ ናቸው፣ ውኃው ሲጎድልም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አንድ ሰው ብቻውን አሥር ጥያቄ ከጠየቀ «ችግር ፈጣሪ» ይባላል። በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ይሄ ስም ለማንም አይበጅም። ስለዚህ ተረጋግተው፣ በአክብሮት፣ ግን በቁጥር ይጠይቁ።

ከዚያም የተናገሩትን በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፈው ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ክፍልና ባሕር ዳር ላለው የክልሉ መሥሪያ ቤት ያስገቡ። መዝገብ ቤት ገቢ አድርገው፣ ቀሪው ላይ ማኅተምና ቁጥር ያስመቱ። አንቺ ባሕር ዳር ስላለሽ ይሄ ያንቺ ሥራ ይሁን።

ሕጉን በአጭሩ። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የአባትሽ አረንጓዴ ደብተር የመጠቀም መብታቸውን ያረጋግጣል። አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማውን ዝርዝር ያደረገው አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነው። እኔ የሠራሁት በእሱ ሥር ነው፤ ቀጥሎ ያሉት አንቀጽና ቁጥሮችም ከእሱ ናቸው፣ ተተክቶ ወይም ተሻሽሎ እንዳይሆን ግን ቀድማችሁ አጣሩ። አንቀጽ 15 የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና የሕዝብ አስተያየት በሪፖርቱም በግምገማውም እንዲካተት ያዛል። ስለዚህ «ሪፖርቱ ምስጢር ነው» ካሏችሁ በትሕትና አንቀጹን ጥቀሱ። ገምጋሚው ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ 15 የሥራ ቀን ነው፤ ደብዳቤያችሁ ከዚያ በፊት መድረስ አለበት። ውሳኔው ያላረካው ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቤቱታ ያቀርባል፤ መልሱ በ30 ቀን ውስጥ ነው። ያለ ፈቃድ የጀመረ ወይም በሪፖርቱ ሐሰት ያቀረበ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ይቀጣል። ለከሰል ነጋዴ ይሄ ምኑ ቅጣት ነው ብትዪኝ አልከራከርሽም።

ድርጅቱ የጠየቀው የምርመራ ፈቃድ ይሁን የማምረት ፈቃድም አጣሩ። ምርመራ ማለት ጥቂት ጉድጓድ ቆፍሮ ናሙና ማውጣት ነው። በማዕድን አዋጅ 678/2002 የከፍተኛ ደረጃ ማምረት ፈቃድ ግን እስከ 20 ዓመት ይሄዳል። ሰው ለምርመራ የተስማማ መስሎት ለሃያ ዓመት ሊስማማ ይችላል።

ገምጋሚው ማን እንደሆነም ጠይቁ። አንድ ወቅት የፌዴራሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት የግምገማ ሥልጣኑን ለየዘርፉ ሚኒስቴሮች በውክልና ሰጥቶ ነበር። በማዕድን በኩል ፈቃድ ሰጪውና ገምጋሚው አንድ ቤት ሆኑ ማለት ነው። ያን ጊዜም ደስ አላለኝም፣ ዛሬም አይለኝም።

በስብሰባው ላይ አንድ ነገር መባሉ አይቀርም፦ «እኛ ባናወጣው ከደቡብ አፍሪካ በዶላር እናስገባለን።» እውነትነት አለው። የሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ከውጭ በመጣ ከሰል ሲሠሩ ኖረዋል፤ የውጭ ምንዛሪው ነገር ቀልድ አይደለም። ግን ይሄ ክርክር አዲስ እንዳልሆነ እወቂ። አሜሪካ ውስጥ የመንግሥት መሬት ላይ ያለ ከሰል በሊዝ ይሰጣል፤ ብዙው ዋዮሚንግና ሞንታና በሚገኘው ፓውደር ሪቨር ተፋሰስ ነው። የመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤቱ ዋዮሚንግ ውስጥ 2 ቢሊዮን ቶን ገደማ የያዙ አራት ሊዞችን ሲያጸድቅ፣ «እኛ ባንሰጥ ያው ከሰል ከሌላ ቦታ ይመጣል፣ ስለዚህ በአየር ንብረት ላይ ለውጥ የለውም» አለ። በፈረንጆቹ 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤት ይህን ግምት በማስረጃ ያልተደገፈ ብሎ ውድቅ አደረገው። አቅርቦት ሲቀየር ዋጋ ይቀየራል፤ ዋጋ ሲቀየር የሚቃጠለው መጠን ይቀየራል። ከዚያ በፊት፣ በ2016፣ መንግሥታቸው አዲስ ሊዝ አቁሞ ሁሉን በአንድነት ልገምግም ብሎ ነበር፤ በዓመቱ የመጣው አስተዳደር ሰረዘው። እንግዲህ እዚያም ቢሆን ነገሩ ከምርጫ ጋር ይወዛወዛል።

ለአባትሽ ከዚህ የሚጠቅማቸው አንድ ነገር ነው። የዶላሩ ክርክር ለአገር መልስ ይሆን ይሆናል፤ ምንጩ ሲደርቅ ማን ውኃ ያመጣል ለሚለው ግን መልስ አይሆንም። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ከሰል የጭልጋን ምንጭ አይነካም። ስብሰባው የተጠራው ስለዚያ ምንጭ ነው።

ስለ ካሳ ብዙ አልልም፤ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ አዋጅ 1161/2011ን የሚያውቅ ሰው ይመልስልሽ። ስለ መዝጊያው ግን ይጠየቅ። ከሰሉ ሲያልቅ ጉድጓዱን የሚሞላው ማነው? ገንዘቡ ዛሬ የት ተቀመጠ? ድርጅቱ ቢከስርስ?

ቅርስም አለ። የጭልጋ ከሰል የጥንት ረግረግ ነው። በዚያው ደለል ውስጥ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የዝሆን ቅድመ ዘመዶች ቅሪት ተገኝቷል። ቡልዶዘር አጥንት ቢያወጣ ሥራ ቆሞ ለማን እንደሚነገር ሪፖርቱ መጻፍ አለበት። ካልጻፈ አዘጋጁ ስለ ቦታው ምንም አላነበበም ማለት ነው።

እኔ ከሰል ፈጽሞ አይነካ የምል ሰው አይደለሁም። ወጣቱ ሥራ ይፈልጋል፤ ለአባትሽም መንገድ ቢገባላቸው አይጠሉም። የበጋና የክረምት ናሙና ያለው፣ የድኝ ምርመራ ያለው፣ የመዝጊያ ገንዘብ የተያዘለት ሪፖርት ከሆነ እኔም ቅድመ ሁኔታ አስጽፈው ይስማሙ እል ነበር። እነዚህ ከሌሉ ግን «ጥናቱ ተሟልቶ ይምጣና እንደገና እንወያይ» ይበሉ።

ሪፖርቱን ካገኛችሁ የውኃውን ምዕራፍና የናሙና ቦታዎቹን ሰንጠረዥ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊው። የቦታ ነጥቦቹን ካርታ ላይ አስቀምጬ ከመንደሩ ምንጭ በላይ ይሁኑ በታች አይልሻለሁ። ስብሰባው ሳይደርስ ቢሆን ይሻላል።