ማየትም መስማትም ስለተሳናቸው ልጆች፦ የድሬ ወላጆች ጠይቀው የመለስኩላቸው

ጥያቄ፦ ልጄ ትንሽ ትንሽ ይታየዋል። «ማየትና መስማት የተሳነው» ብለው መመዝገባቸው ልክ ነው? (ከሳቢያን)

ልክ ነው። ብዙዎቹ የተረፈች እይታ ወይም መስማት አለቻቸው። ችግሩ አንዱ የሌላውን ጉድለት መሙላት አለመቻሉ ነው። መዝገቡ ላይ «ዓይነ ስውር» ብቻ ከተባለ ድጋፉም ግማሽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤት ውሎውን ሊነግረኝ አይችልም። ታዲያ በምን ልቆጣጠር? (ከገንደ ቆሬ)

በደብተር፣ እህቴ። በየቀኑ ከልጁ ቦርሳ ጋር የሚመላለስ ደብተር። «ጥሩ ዋለ» የሚል ጽሑፍ ግን አይቀበሉ፤ ምንም አይነግርዎትም። ምን በላ? ሽንት ቤት ማን ወሰደው? ለየትኛው ሥራ የትኛውን ዕቃ አስዳሰሱት? (ልጁ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያውቀው በሚዳስሰው ዕቃ ነው።) እርስዎም ማታ የቤቱን ይጻፉ። አንድ ተማሪዬ በምሳ ሰዓት ማንኪያ ስናስይዘው ይወረውር ነበር። ስንት ሳምንት «አስቸጋሪ ልጅ» ስንለው ከርመን፣ ለካ ቤት ውስጥ ማንኪያ ማለት መራራ መድኃኒት ነው! እናቱ አንድ መስመር ብትጽፍልን፣ እኛም ብንጠይቃት፣ ያ ሁሉ ባልመጣ።

ደግሞ ሳይነግሩ ብቅ ይበሉ። ወደ ልጁ የሚቀርብ ሰው መጀመሪያ ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ ማን እንደሆነ በአምባሩ ወይም በሰዓቱ ያስዳስሰዋል? ወይስ ድንገት አንጓውን ይዞ ይጎትተዋል? ዕቃ ሲያስዳስሰውም የመምህሩ እጅ ከልጁ እጅ ሥር ነው መሆን ያለበት፤ ከላይ ሆኖ መጫን የለበትም። እኔ ከሪፖርት ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ደብተሩ በአማርኛ ነው። እኔ የማነበው ሶማሊኛ ነው።

በቴሌግራም ድምፅ ይላኩልዎ። አቦ፣ ድሬ ላይ ቋንቋ ሰበብ ይሆናል እንዴ!

ጥያቄ፦ የሕክምና ወረቀቱን ለማን ላሳይ? ፎቶውንም ለለጋሽ እንላክ እያሉኝ ነው።

የዓይንና የጆሮ ምርመራውን የሚያስተምረው መምህር ይወቅ። ለምሳሌ አሸር ሲንድረም (መስማትንም ማየትንም የሚጎዳ፣ በዘር የሚተላለፍ ችግር) ያለበት ልጅ ከእይታው በአብዛኛው መጀመሪያ የሚከዳው በጨለማ ማየቱ ነው፤ ይህን ያላወቀ መምህር ሲመሽ ሲደናቀፍ ቢያየው «ቀልቃላ» ይለዋል። ሌላው ሠራተኛ ግን ወረቀቱ ምን ያደርግለታል? ፎቶውን ካልፈለጉ እምቢ ይበሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 26 ላይ የግል ሕይወትን ያስከብራል።

ጥያቄ፦ ሰውነቱ ላይ ሰንበር አየሁ። ለማን ልናገር?

ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱ፣ ሐኪም ያሳዩ፣ ቀኑን ይጻፉ። ተመትቷል ብለው ከጠረጠሩ የርዕሰ መምህሩን ስብሰባ አይጠብቁ፤ በቀጥታ ፖሊስ ጋ ይሂዱ። ደብተሩንም ይዘው።