አህጉራት ተንሳፈፉ፣ ተንሸራተቱ ወይስ ተራራቁ?

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ «አፍሪካና ደቡብ አሜሪካ ተንሳፍፈው ተለያዩ» ብለው ይጽፋሉ። «ተንሸራተቱ» የሚልም አለ። የትኛው ይሻላል? «የባሕር ወለል መስፋፋት» የሚለውስ ልክ ነው?

መልስ፦ መምህር፣ «ተንሳፈፉ» የሚለውን ያስተዋቸው። በእኛ አነጋገር የሚንሳፈፍ ነገር ውኃ ላይ ነው። ተማሪው አህጉሩ ከሥሩ ባሕር ያለው ይመስለዋል። ከሥሩ ያለው ግን አለት ነው።

«ተንሸራተቱ» ለጀርመናዊው ሳይንቲስት ለአልፍሬድ ቬግነር ሐሳብ ይስማማል። እሱ እ.ኤ.አ. በ1912 አህጉራት ቦታ ይቀይራሉ ሲል ጥሩ ማስረጃ ነበረው። ሜሶሶረስ የሚባል በውኃ ውስጥ ይኖር የነበረ ትንሽ ገበሎ አስተኔ አለ። ቅሪተ አካሉ የሚገኘው በደቡብ አሜሪካና በደቡባዊ አፍሪካ ነው። ያንን ሁሉ ውቅያኖስ ዋኝቶ ተሻገረ ማለት ይከብዳል። ቬግነር ግን አህጉራቱ የባሕሩን ወለል እየሰነጠቁ የሚሄዱ ይመስለው ነበር። ይህን የሚያደርግ ኃይል ማሳየት ስላልቻለ ብዙ ጂኦሎጂስቶች አልተቀበሉትም።

የእኔ ምርጫ «ተራራቁ» ነው። «ራቀ» ስንል አንዱ ቆሞ ሌላው ሄደ ማለት ሊሆን ይችላል። «ተራራቁ» ስንል ግን ሁለቱም አሉበት። ማስረጃውም የሚለው ይህንኑ ነው። በአትላንቲክ መሐል ከሰሜን እስከ ደቡብ የተዘረጋ የተራራ ሰንሰለት በባሕሩ ውስጥ አለ። እዚያ ቅልጥ አለት ከታች ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ አዲስ ወለል ይሆናል። ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው ብረት አዘል ማዕድን የዘመኑን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። የምድር መግነጢስ ደግሞ በየዘመኑ ይገለበጣል። የብሪታንያ ተመራማሪዎቹ ፍሬድ ቫይንና ድራመንድ ማቲውስ እ.ኤ.አ. በ1963 በወለሉ ላይ የሚታዩትን የመግነጢስ ሰንበሮች፣ ማለትም የመግነጢስ አቅጣጫቸው የሚፈራረቅ መስመሮችን፣ በዚህ መንገድ አብራሩ። ከሰንሰለቱ በስተግራ ያለው ሰንበር በስተቀኝ አቻ አለው! አዲሱ ወለል ለሁለት እየተካፈለ ወዲያና ወዲህ ባይሄድ ኖሮ ይህ ከየት ይመጣል? ለእኔ ከሁሉም ማስረጃ የሚበልጠው ይህ ነው።

«መስፋፋት» ይሁን። «መስፋት» ካልን ልብስ ሰፊው ይመጣብናል። ብቻ ነባሩ ወለል እንዳልተለጠጠ፣ መሐሉ ላይ አዲስ እንደተጨመረበት ያስረዷቸው። ከመሐሉ በራቅን ቁጥር ወለሉ እያረጀ ይሄዳል። ያም ሆኖ አብዛኛው የውቅያኖስ ወለል ከ200 ሚሊዮን ዓመት በታች ነው፤ አሮጌው ጥልቅ በሆኑ ሸለቆዎች በኩል ተመልሶ ወደ ምድር ውስጥ ይሰምጣል። በአህጉራት ላይ ግን ወደ 4 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋ አለት አለ።

ለመልመጃ የአፋሩን ይስጧቸው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. ዳባሁ በተባለው እሳተ ገሞራ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ቅልጥ አለት ከታች ገባ። የግራና የቀኙ ምድር በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ላይ ላዩን ብዙ ስንጥቅ ስለታየ ለአፈሩ «ተሰነጣጠቀ» ቢሉ ትክክል ነው። በአፋር በኩል ለሚለያዩት ለአፍሪካና ለዓረቢያ ግን «እየተራራቁ ነው» ይበሉ፤ ገና አላበቃምና።