ሐይቅ ላይ በጀልባ መጠጣት ያስጠይቃል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «እሑድ ሙሽሮቹን ይዘን ከደሴ ወደ ሐይቅ፣ ያው ሐይቅ ከተማ ዳር ወዳለው ውኃ፣ ልንወርድ ነው፤ ጀልባ ላይ ቢራ ብንይዝ የሚጠየቀው ነጂው ነው ወይስ እኛ ተሳፋሪዎቹም?» ብለሃል። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፤ ባሕር ዳር ተምሬ በውጭ አገር የጭነት መርከቦች ላይ በመሐንዲስነት ሠርቻለሁ።

በባሕር ላይ ነገሩ የተቆረጠ ነው። የመርከበኞች ሥልጠናና ብቃት ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ማኒላ ላይ ሲሻሻል ጣሪያ ተበጀለት፤ በደም 0.05 በመቶ፣ በትንፋሽ በሊትር 0.25 ሚሊ ግራም አልኮል። ብዙ ኩባንያዎች ይህንንም አይፈቅዱም። ካፒቴኑ ሳይታሰብ መመርመሪያውን ይዞ ሞተር ክፍል ይወርዳል፤ እጅህ በግሪስ እንደተለወሰ ትነፋለህ። ወደብ ላይ ሲጠጣ አምሽቶ ወደ ተራው የተመለሰ ባልደረባችን ሳይንገዳገድ፣ ክፉ ቃል ሳይወጣው፣ ቁጥሩ ስላለፈ ብቻ በሚቀጥለው ወደብ ሻንጣውን ይዞ ወረደ።

በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ ለመዝናኛ ጀልባ ነጂ ጣሪያው 0.08 በመቶ ሲሆን ለንግድ ጀልባ ግን 0.04 ነው። ተሳፋሪ በብዙ ግዛቶች መጠጣት ይችላል። በዚያ ደንብ ቢሆን እናንተ ከፍላችሁ የምትሳፈሩበት ጀልባ ጠበቅ ካለው ወገን እንደሚመደብ ልብ በል።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ የ1952ቱ የባሕር ሕግ የሐይቅ ጀልባን አስቦ የተጻፈ አይደለም። ይሁን እንጂ ሰው ከሞተ የወንጀል ሕጉ አለ። አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ የሰው ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ላይ ደግሞ ይከብዳል። «ሰክሬ ነበር» ማለትም መሸሸጊያ አይሆንም፤ በገዛ ጥፋቱ የሰከረ ሰው በአንቀጽ 50 ይጠየቃል። ጀልባውን ሲያናውጥ ሰው ያሰጠመ ተሳፋሪም ከዚህ አያመልጥም።

እኔን ግን ከሕጉ ይልቅ የሚያስፈራኝ ግብዣችን ነው። ሠርግ ነውና አንዱ ተነስቶ ጀልባ ነጂውን «በሞቴ፣ አንዷን ብቻ» ይለዋል። እምቢ ካለ ንቀት ይመስላል፤ ጉርሻውም ይቀርበታል። ስለዚህ ይቀበላል። ፀሐዩ፣ ንፋሱና የሞተሩ ንዝረት ተደምረው ያቺ አንዷ መሬት ላይ ከምትሠራው በላይ ትሠራለች። ተሳፋሪውም ቢሆን ሞቅ ሲለው ቁጭ አይልም። ለፎቶ ሁሉም በአንድ ወገን ይሰበሰባል፤ ሌላው ሽንቱ መጥቶበት ጠርዝ ላይ ይቆማል። ትንሽ ጀልባ የሚገለበጠው እንዲህ ነው፤ የምትሄዱበት የሐይቅ ውኃ ደግሞ ጥልቁ ቦታ ላይ ከ80 ሜትር በላይ ነው። አልኮል የቆዳ ደም ሥሮችን ስለሚያሰፋ ውኃ ውስጥ የወደቀ ጠጪ የሰውነት ሙቀቱን ቶሎ ያጣል።

እናም ሳጥኑን ዳር አስቀምጡት። መጀመሪያ ጀልባው፣ ከዚያ ዓሣው፣ ቢራው ከሁሉም በኋላ። በወሎ ሠርግ የማይጠጣ ሚዜ አይጠፋምና የሕይወት አድን ጃኬቱን ለሁሉም የማስለበሱን ነገር ለእሱ ስጡት። ነጂው መጠጥ መጠጥ ከሸተታችሁ ቀብድ ከፍላችሁም ቢሆን ሌላ ጀልባ ፈልጉ።